የተዘቀዘቀው ኩታ

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1986 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለገሠሠ፣ ደላንታ

ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? እኔ አለሁ። ከሙቀቱና ከትንኙ በቀር የሚያስከፋኝ ነገር የለም ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ደብዳቤ በውሸት ሲጀመር አያምርምና ትቼዋለሁ።

ለደብዳቤዬ የመለስከው ወረቀት በሹፌር እጅ ደረሰኝ። ከተለያየን ከሁለት ዓመት በኋላ የእጅህን ጽሕፈት ሳይ የያዝኩትን መቀስ ጣልኩት። ያ በመሠረተ ትምህርት የለመድከው ትልልቅ ፊደልህ ዛሬም እንደተጠመደ በሬ እየተጋፋ ይሄዳል። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ፣ ደንበኛዬ ሱሪውን ትቶ ሄደ።

«በእርግጥ አንተ ከሆንክ ምልክት ንገረኝ» ብለሃል። የእናት ልጅ ምልክት ሲጠየቅ ይገርማል። እሺ፣ ግራ ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ ያወጣኸው አንተ ነህ፤ በገና ጨዋታ ሩር ስትመታ ዱላህ እኔን አገኘኝ። ለእናታችን «ወድቄ ነው በላት» ብለህ አስማልኸኝ፣ እኔም እስከ ዛሬ አልተናገርኩም። ይበቃሃል?

ያለሁት ከተማው ውስጥ ነው። በድርቁ ዘመን ከደላንታ አምጥተው ያሰፈሩንን የአቦቦን ሰፈራ ትቼ ከወጣሁ ቆየሁ። ባሮ ዳር አንድ በረንዳ ተከራይቼ ልብስ እሰፋለሁ። አገሩ አሁን ክልል አሥራ ሁለት ተብሏል። በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል፣ ቢሮ ሲከፈት መጋረጃ ይፈልጋል፣ መጋረጃውን የምሰፋው ደግሞ እኔ ነኝ። መንግሥት ተለውጦ የተጠቀመ ሰው ካለ እኔን ቁጠረኝ። ቀን ቀን ሰው አላጣም። ኩዌት የሚባል ኑዌር አዲስ የቢሮ ሠራተኛ አለ፣ ቁመቱ ከበሩ መቃን ያልፋል፣ ሱሪ ባመጣ ቁጥር አስረዝምልኝ ይለኛል፤ ጨርቁን ከየት ላምጣው? አኙዋኩ ጎረቤቴ ኩዎል ዓሣ ሲቀናው ለእኔም ያካፍለኛል። ሲመሽ ግን ሁሉም ወደየቤቱ፣ ወደየቋንቋው ይገባል። እኔ የስፌት መኪናዬን በሸራ እሸፍንና ወንዙን እያየሁ እቀመጣለሁ። ብቸኝነት የሚሉት ይህ ከሆነ፣ ደህና አድርጌ አውቄዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ እህሉ ጽፈሃል፣ ስለ ከብቱ ጽፈሃል። ሚስትህ የሺአረግ፣ በዓይኗ አይታኝ የማታውቀው፣ ሰላም ብላኛለች፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በላት። የወለደችኝ ግን ሰላም አላለችኝም። «እናታችን ደህና ናት» ይላል እንጂ «እንደምን አለህ ትልሃለች» አይልም። ደብዳቤዬን አላነበብክላትም? ወይስ ተቀይማኛለች? «ና» የሚል ቃልም ፈልጌ አጣሁ።

ወንድምህ በሪሁን


ደላንታ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለበሪሁን፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። የደላንታ አምላክ ከበረሃው ንዳድ ይጠብቅህ። እኛ በአምላክ ቸርነት ደህና ነን። ደብዳቤህን ዘግይቼ በመመለሴ ይቅርታህን እለምናለሁ፤ አጨዳ ላይ ስለነበርን ነው። ገብሱ መልካም ነው። ምስሩን ውርጭ መታው፣ ቢሆንም ለዘር የሚሆን አላጣንም። ቀይዋ ላም ወልዳለች። የሺአረግም እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ ለፋሲካ ትወልዳለች። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ደህና ናቸው።

ስለ እናታችን ላነሳኸው፣ ደህና ናት። ዓይኗ ትንሽ ደክሟል፣ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም፤ ዕድሜ ነው። ያልተጠበቀ ነገር ሲነገራት ትደነግጣለች። ስለዚህ ደብዳቤህን ቀን አይቼ፣ ልቧ ረጋ ሲል አነብላታለሁ። በእኔ ጣለው።

አንድ አደራ አለኝ። ከእንግዲህ ደብዳቤ ስትልክ በቀበሌው በኩል አትላክ፣ ለደብሩ ሰዎችም አትስጥ። ወገል ጤና ላይ ሀሩን የሚባል ባለሱቅ ወዳጅ አለኝ፤ በእሱ በኩል ብቻ ይምጣልኝ። ምክንያቱን አሁን አትጠይቀኝ።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ቅር አይበልህ። ያን ዕለት ከአቦቦ መኪናው ሲነሣ የት ነበርክ? እዚህ ከገባሁ ጀምሮ እርሻ ላይ ሆኜም፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜም ይህንኑ ነው የማስበው።

ታላቅ ወንድምህ ገሠሠ


ጋምቤላ፣ የካቲት 14 ቀን 1986 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታውን ወደ ኋላ ላቆየውና የጠየቅኸኝን ላስቀድም።

ያን ዕለት ጎግ ነበርኩ። ድንጋጤው አስረስቶህ ነው እንጂ ታውቅ ነበር፤ ከኩዎል ጋር የትምህርት ቤት ልጆች ልብስ ልሰፋ ሄጄ ቶሎ እመለሳለሁ ብዬህ ነበር። መንግሥት ወደቀ ተብሎ መንገዱ በሸሸ ወታደር ሲሞላ፣ ኩዎል አትንቀሳቀስ ብሎ እናቱ ቤት አስቀመጠኝ። እናቱ ከአማርኛ የምታውቀው «ብላ» የሚለውን ብቻ ነበር፤ እሱን እየደጋገመች አቆየችኝ። ጸጥ ሲል በእግሬ አቦቦ ገባሁ። ሰፈራው ባዶ ነበር፤ ውሻ እንኳን አልቀረም። የቤታችን በር ክፍት ነው። ምድጃው ላይ የበቆሎ ንፍሮ በክዳን ተሸፍኖ ሻግቷል። የእኔ ድርሻ መሆኑን አወቅኩ። አልተቀየምኩህም ብዬ ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኩት። ተቀይሜሃለሁ። አንተን ሳጣ ግን ቂሙን የምነግረው ሰውም አጣሁና እያደር ደከመኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰሞኑን ሙሐመድአሚን የሚባል የእኛው አገር ነጋዴ እህል ጭኖ እዚህ ወረደ። በረንዳዬ ላይ ቆሞ አየኝ፣ አየኝና «ቢስሚላሂ» ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እጄን ብዘረጋለት አልጨብጥም አለ። ሻይ አዝዤለት፣ አብሬው ጠጥቼ፣ ላቤን ስጠርግ አይቶ ነው ቀስ በቀስ ያመነኝ። ጋሼ፣ ለካ እኔ ሞቻለሁ።

ተዝካሬ ላይ በልቷል። የእስላሙ ዳስ ለብቻው እንደተጣለ፣ ሙክቱ በእስላም እጅ እንደታረደ፣ ብርዙ እንዳልጎደለ አንድ በአንድ ነገረኝ። ድግሱ ማማሩን እየደጋገመ ሲያመሰግን እኔም ባለድግሱ ነኝና አንገቴን እየሰበርኩ ሰማሁት። በሕይወት ሳለሁ እንዲህ ያለ ድግስ ማን ደግሶልኝ ያውቃል?

እስቲ ንገረኝ፣ ማን ማን አለቀሰ? ሙሾው ምን አለ? ያ በእርሻ ድንበር የተጣላን ሰውዬ መጥቶ ነበር? አትቆጣ፣ የምሬን ነው የምጠይቅህ። እዚህ ብሞት ኩዎል ይቀብረኛል፤ በዚያ አልጠራጠርም። ነገር ግን ልጅ ሆኜ ምን እመስል እንደነበር የሚያውቅ አልቃሽ ጋምቤላ ውስጥ የለኝም። እናንተ ዘንድ ግን አገር ሙሉ አልቅሶልኛል፣ እኔ ሳልሰማው።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃ። መኖሬን የሚናገር ወረቀት ሳጥንህ ውስጥ አለ። እናቴ ግን ዛሬም ከል ለብሳ ነው የምትውለው፤ ይህንን ሙሐመድአሚን በዓይኑ አይቷል፤ አንተ እስክትመልስልኝ ለማንም እንዳይናገር ቃል አስገብቼዋለሁ። ማን ነው ያረዳት? አንተስ ለምን ዝም አልክ?

በሪሁን


ደላንታ፣ መጋቢት 22 ቀን 1986 ዓ.ም.

ወንድሜ በሪሁን፣

ይህንን ስጽፍ የሺአረግ አጠገቤ ተቀምጣለች። አንተ መኖርህን እዚህ ከእኔ ሌላ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። «አሁን ሳትጽፍለት ከዚህ አትነሣም» ብላኛለች።

ያረዳኋት እኔ ነኝ፤ ግን ቃል አልወጣኝም። እንዴት እንደሆነ ስማኝ።

ከአቦቦ ስንነሣ ሰው ሁሉ ከአንዲት መኪና ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ መሬት ላይ ቆሜ የጎግን መንገድ አያለሁ፤ የት ነበርክ ብዬ የጠየቅኩህ እያወቅኩ ነው። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ፣ ሰዎች ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ፣ እኔም ተጎተትኩ። በሚቀጥለው መኪና ይመጣል ብዬ ራሴን አታለልኩ። የሚቀጥል መኪና አልነበረም።

ወገል ጤና ስደርስ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሙቀት ለምደን የለ? ሀሩን አዝኖልኝ ኩታ ሰጠኝ። አብረውኝ ከመጡ ሁለት የአገራችን ሰዎች ጋር ቀበሌያችን ጠርዝ ስንደርስ ጨለመ። በሌሊት ደጅ ብናንኳኳ እናታችን ትደነግጣለች ብለን አጥር ጥግ አደርን። ጎህ ሲቀድ ተነሥተን ሄድን። ደጁ ላይ ስደርስ ሳላንኳኳ ቀረሁ፤ «በሪሁንስ?» ብትለኝ ምን እላለሁ? እንዲሁ እንደቆምኩ ጥጆቹን ልታወጣ በሩን ከፈተች።

እሷ ያየችውን አንተም እይልኝ። ገና ሳይነጋ ሦስት ወንዶች ደጅ ላይ አጎንብሰን ቆመናል። ከሁለት ልጆቿ አንዱ ብቻ አለ። ኩታውንም አዘቅዝቄ ለብሼዋለሁ። በረሃ ኖሬ አለባበሱ ጠፍቶብኝ ነው፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ ከብርዱ ስሸሽ የኀዘንተኛ አለባበስ መሆኑ ትዝ አላለኝም። እናታችን ምንም አልጠየቀችኝም። «ልጄን!» ብላ መሬት ላይ ተፈጠፈጠች። ጎረቤት በጩኸቱ ደረሰ። «አልሞተም» አልኩ፤ ብያለሁ በሪሁን፣ እግዜር ምስክሬ ነው። ሽማግሌዎቹ «ኀዘኑ ነው የሚያናግረው» ብለው አስቀመጡኝ። «ታዲያ የት አለ?» አሉኝ። ዝም አልኩ፣ ዝምታዬም መርዶ ሆነ።

ሙሾውን ጠይቀሃል። እናታችን ያለችውን ልጻፍልህ፦

አቦቦ ወርጄ አፈሩን ባየሁት፣
ልጄን የሸፈነው ቢከብድ ባነሣሁት።

ያ የድንበር ሰውዬም መጥቷል፣ ከሁሉ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው።

ያን ጊዜ መሞትህንም መኖርህንም አላውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ግን አወቅኩ። ወደ ቤት እየሮጥኩ ነበር የሄድኩት። ደጁ ላይ ስደርስ ቆምኩ። አንተ ከሞትክ እኔ ከሞት የተረፍኩ ልጇ ነኝ። አንተ ካለህ እኔ ጥዬህ የመጣሁ ነኝ። ይህችን እውነት ይዤ ወደ ውስጥ መግባት አቃተኝ። ነገ አልኩ፣ ከአጨዳ በኋላ አልኩ፣ እያደር የማይነገር ሆነ። «የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ» ይባል የለ? የእሷም ኀዘን ከቤቷ አልወጣም፤ አብሯት ማዕድ ይቆርሳል።

«ና» ያላልኩህ ለዚህ ነው። እባክህ ፋሲካን አሳልፈኝ። የሺአረግ በሰላም ትገላገልና ለእናታችን እነግራታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ድንገት እንዳትመጣ።

ገሠሠ


ጋምቤላ፣ ግንቦት 9 ቀን 1986 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ፋሲካ አልፏልና የሺአረግ ይህን ጊዜ ወልዳለች ብዬ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት። ወንድ ይሁን ሴት አልጻፍክልኝም።

ደብዳቤህን በረንዳዬን ዘግቼ ነው ያነበብኩት። ሙሾዋ ላይ ስደርስ ቀኑን ሙሉ መርፌ መሰካት አልቻልኩም። ተናድጄብህ ነበር፣ አሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም። ግን አንተን ደጁ ላይ ቆመህ ሳስብህ፣ ያንን ኩታ ለብሰህ፣ ማቀናት እንኳ ጠፍቶህ፣ በቁጣ የጀመርኩትን ወረቀት ቀደድኩት።

ለኩዎል ነገርኩት። አማርኛው አጭር ነው፣ ያለኝም አጭር ነው። «ሂድ ፊትህን አሳያት» አለኝ። «ወረቀት ፊት የለውም።» አልሄድም አልኩት። እኔ ደጁ ላይ ብቆም አንተን ነው የምትጠይቅህ፣ አገሩ ሁሉ አንተን ነው የሚያይህ። ሕፃን ልጅህን ታቅፈህ እንዲህ እንድትታይ አልፈልግም።

ስለዚህ እንዲህ በላት። ከአቦቦ ስትነሣ አብረን ነበርን፣ ለመንከኝ፣ እኔ እምቢ አልኩ። ጋምቤላ ይሻለኛል፣ ደላንታን ትቻለሁ አልኩ። አንተ ይህን ክፉ ቃል አፍህ አልናገር ብሎህ ዝም አልክ፣ እሷም ሞተ ብላ ተረዳችው። እንዲህ ከሆነ አንተ ጥለህ የመጣህ ሳትሆን እኔ የቀረሁ ነኝ። ትቀየመኛለች፤ ትቀየመኝ። የሞተ ልጅ ከሚኖራት ክፉ ልጅ ቢኖራት ይሻላል። እኔም ብሆን ሙት ሆኜ ከምታለቅስልኝ በሕይወት ብትረግመኝ እመርጣለሁ።

ከዚያ በኋላ መምጣት የለብኝም። እናቱን እምቢ ያለ ልጅ በምን ፊቱ ይመጣል? ሥራዬ እዚህ ነው፣ መጋረጃ አላለቀም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ከነገርካት በኋላ ክፉም ይሁን ደግ ያለችውን ቃል በቃል ጻፍልኝ።

ወንድምህ በሪሁን


ጋምቤላ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1986 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደብዳቤዬ አልደረሰህም ይሆን? ሀሩን ጋ ሁለት ልኬያለሁ። ባሮ ሞልቶ ወዲያ ማዶው በዝናብ ተሸፍኗል፣ ከተማው ጭቃ ነው፣ መኪናም እንደ ልብ አይወርድም። በወረደ ቁጥር ግን እየሄድኩ ሹፌሮቹን እጠይቃለሁ፤ አሁን ከሩቅ ሲያዩኝ ገና ሳልደርስ እጃቸውን ያወዛውዙልኛል፣ የለም ለማለት።

ነግረሃት ከሆነና የተናገረችው ከብዶህ ከሆነ፣ አልከፋም፣ ጻፍልኝ። ካልነገርካትም ጻፍልኝ። ዝም አትበለኝ ጋሼ። ዝምታ አንድ ጊዜ ገድሎኛል።

በሪሁን


ጎሬ፣ መስከረም 26 ቀን 1987 ዓ.ም.

ወንድሜ በሪሁን፣

ከላይ የተጻፈው ስህተት አይደለም፤ ጎሬ ነኝ። ነገ ጠዋት ወደ ጋምቤላ የሚወርድ ሹፌር ይህን ያደርስልሃል። እኔ ከእሱ ቀጥሎ በሚመጣው እከተላለሁ። አብሬው መምጣት እችል ነበር፤ ግን አንድ ጊዜ ሳይነገር ደጅ ላይ ቆሜ ያመጣሁትን ታውቃለህ። ያንተን ደጅ አስቀድሜ በወረቀት ላንኳኳ።

ልጃችን ሴት ናት። ክረምቱን ታማብን ስለነበር ሁሉም ነገር ዘገየ፣ አሁን ድናለች።

በመስቀል ማግሥት ለእናታችን ነገርኳት። አንተ እንዳልከኝ ነው የነገርኳት፤ ለመንኩት፣ እምቢ አለ ብዬ። እናታችን ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቱን አስቀመጠችና መጀመሪያ «አለ?» ብላ ጠየቀች። አለ አልኳት። ደግማ ጠየቀች፣ ደግሜ መለስኩ። እንዝርቱን መልሳ አነሣችና «በሪሁን እኔን እምቢ አይልም። እውነቱን ንገረኝ» አለች። ያንተን ውሸት ከእኔ አፍ አልተቀበለችውም። ስለዚህ ከጥሩንባው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ደብዳቤህን ደብቄ መክረሜንም ጭምር።

አልመታችኝም፣ አልረገመችኝም። ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር። ደብዳቤዎችህን በሙሉ ላንብብልሽ ብላት አልፈልግም አለች። ሰላምታዋን ልጽፍለት ብላት ይህንን አለችኝ፤ ቃል በቃል ብለሃልና ቃል በቃል እነሆ፦ «ሬሳውን ሳላይ አልቅሻለሁ። ፊቱን ሳላይ ሰላም አልልም።» ከሏንም አላወለቀችም።

ወሬው በአገሩ ተሰማ። እልል ያለም አለ፣ እኔን ሲያይ መንገድ የለወጠም አለ። ቄሱን የተፈታልህ ፍትሐት ምን ይሆናል ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጸሎት አይባክንም፣ ቀኑ ሲደርስ ይጠብቀዋል አሉኝ። አንተ ብትሰማቸው ትስቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከቅዳሴ ስመለስ እናታችን ስንቅ ቋጥራ አገኘኋት። ሂድም አላለችኝም፤ ሁለት ቋጠሮ በሩ ላይ አስቀምጣለች። አንደኛው በሶ ነው፣ መሄጃ ነው አለች። ሁለተኛው ዳቦ ቆሎ ነው፣ በነጭ ጨርቅ አጥብቃ አሥራዋለች። እሱን ስትሰጠኝ ፊቴን እያየች ተናገረች። «ይህ የመመለሻ ነው፤ የሁለታችሁ ነው። ለብቻህ ሆነህ እንዳትፈታው። ለብቻህ ከሆንክም ወደዚህ ደጅ እንዳትመጣ።»

በሶው መቱ ላይ አልቋል። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም፤ አንዲት ሴት ሻይ ሰጥታኝ እሱን እየጠጣሁ ነው የምጽፍልህ። ቋጠሮው ጭኔ ላይ ነው፣ ሽታው ይመጣል።

ና ብዬ ልጽፍልህ ብዕር አነሣሁና ማን ሆኜ እንደምልህ አጣሁት። ሥራ አለህ፣ ወዳጅ አለህ፣ ኩዎልን የመሰለ ሰው አለህ። ወደ ደላንታ አልመለስም ብትል አልፈርድብህም፤ ያን ጊዜ በረንዳህ ላይ አንድ ጥግ ስጠኝ፣ ቁልፍ መትከል አያቅተኝም። ብትመለስም እሰየው። ይህን ጊዜ ግን በሪሁን፣ ያላንተ መኪና ላይ አልወጣም።

ወንድምህ ገሠሠ